የጨጓራ ነቀርሳ ሥርና ምልክቱ

ሰው ጽኑ ሕመም ባገኘው ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ለማወቅ የሚፈልገው የበሽታውን ስም አይደለም፤ «ከዚህ ሕመም እድናለሁን ወይስ አልድንም?» የሚለውን ነው። ዘመዶቹም በሐኪም ደጅ ቆመው የሚጠባበቁት ይህንኑ ቃል ነው። በቀድሞ ዘመን የዚህ ጥያቄ መልስ የሚገኘው ከሐኪሙ ዐይንና ከልምዱ ብቻ ነበር። የበሽተኛውን መልክ አይቶ፣ የደም ሥሩን ትርታ ዳስሶ፣ ሆዱን በእጁ ፈትሾ የመሰለውን ይናገር ነበር። በዛሬው ዘመን ግን የሕክምና ሊቃውንት ይህንኑ መልስ በዐይን ከማይታዩት ደቃቅ ነገሮች፣ ይኸውም ከነቀርሳው ሕዋሶች ገጽ ላይ ለማንበብ ይጥራሉ።

ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን በጨጓራ ነቀርሳ ውስጥ የበሽታው ሥር ናቸው ስለሚባሉት ሕዋሶችና ስለ ምልክታቸው ለአንባቢዎቻችን ለመግለጥ አስበናል። ነገሩ የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በአባቱ ወይም በእናቱ ሕመም ላይ «ምልክቱ ተገኘ» የተባለ ሰው ምን ማሰብና ምን ማድረግ እንደሚገባው ማወቅ የእያንዳንዱ ቤተ ሰብ ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስለ በሽታው ጠባይ

ቤት ከድንጋይ እንደሚሠራ ሁሉ የሰው ገላ የተሠራው ሕዋስ ከሚባሉ እጅግ ደቃቅ ክፍሎች ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሩዶልፍ ፊርኾ በ1858 ዓ.ም. በበርሊን ባሳተመው ትምህርቱ ሕዋስ ሁሉ ከሌላ ሕዋስ እንደሚወለድ አስረዳ። ነቀርሳ፣ በውጭ አገር ቋንቋ ካንሰር የሚባለው በሽታ፣ ከእነዚህ ሕዋሶች አንዱ የተሠራለትን ሥርዓት ጥሶ ያለ ልክ ሲራባ የሚመጣ ነው። እንግዲህ ነቀርሳ ከውጭ የዘመተ ባዕድ ጠላት ሳይሆን ከገዛ ገላችን የተወለደ ዐመፀኛ ነው ማለት ነው። ለማጥፋት የሚያስቸግረውም ስለዚህ ነው።

የጨጓራ ነቀርሳ በዓለም ላይ ከሚገኙት የነቀርሳ ዓይነቶች በብዛቱ አምስተኛውን ተራ ይይዛል። በ2022 ዓ.ም. በተደረገው የዓለም ቈጠራ ከ960 ሺህ በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ መያዛቸው ሲታወቅ፣ 660 ሺህ ያህሉ ሞተውበታል። እጅግ የሚበዛውም በምሥራቅ እስያ፣ ይኸውም በጃፓን፣ በኮሪያና በሞንጎልያ ነው።

ለዚህ በሽታ ዋና ጠንቅ የሆነው ሄሊኮባክተር ፒሎሪ የሚባል ረቂቅ ተሐዋሲ ነው። ይህንንም ያገኙት በአውስትራልያ በፐርዝ ከተማ የነበሩት ሐኪሞች ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በ1982 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በጨጓራ ኮምጣጣ ውሃ ውስጥ ተሐዋሲ ሊኖር አይችልም ይባል ስለ ነበር ብዙ ሰው አላመናቸውም። ማርሻልም በ1984 ዓ.ም. ተሐዋሲውን ያራባበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው በመቍሰሉ የነገሩን እውነተኛነት በገዛ ገላው አስመሰከረ። ሁለቱ ሊቃውንት በ2005 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። የዓለም የነቀርሳ ምርምር ድርጅትም በ1994 ዓ.ም. ይህን ተሐዋሲ ነቀርሳ ከሚያመጡት ነገሮች ተራ አግብቶታል።

ተሐዋሲው ለብዙ ዓመት በጨጓራ ውስጥ ሲኖር ውስጠኛውን ገጽ ያቈስለዋል፤ ቍስሉም በዝግታ ይለወጥና ከብዙ ዘመን በኋላ በጥቂቶቹ ላይ ወደ ነቀርሳ ይደርሳል። «በጥቂቶቹ ላይ» ማለታችንን አንባቢ ልብ ያድርገው። ተሐዋሲው ካለባቸው ሰዎች እጅግ የሚበዙት ነቀርሳ ሳይዛቸው ዕድሜያቸውን ይፈጽማሉና።

ስለ ናፖሌዎንና ስለ ልጁ

የበሽታን ፍጻሜ አስቀድሞ ለማወቅ መፈለግ ታላላቆቹን ሰዎች እንኳ ሲያስጨንቅ የኖረ ነገር ነው። የናፖሌዎን አባት ሻርል ቦናፓርት በ1785 ዓ.ም. በሞንፔልዬ ከተማ ገና አርባ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ሬሳውም ሲመረመር በጨጓራው ጫፍ ላይ ዕጢ ተገኘበት። ናፖሌዎንም በቅድስት ሄሌና ደሴት ታስሮ ሳለ የሆድ ሕመም ሲጸናበት ያንኑ የአባቱን ሞት ያስብ ነበር። ስለዚህም ከሞቱ በኋላ ሐኪሙ ጨጓራውን መርምሮ ውጤቱን ለልጁ እንዲያስታውቅለት አደራ አለ፤ የአባቱ በሽታ ወደ ልጁ እንዳይተላለፍ መፍራቱ ነበር። በግንቦት 5 ቀን 1821 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ በማግሥቱ ሬሳው ተመረመረና ጨጓራው በነቀርሳ ተበልቶ ተገኘ። ስለ አሟሟቱ በኋላ ዘመን ብዙ ክርክር ቢነሣም፣ የሬሳውን ምርመራ ጽሑፍ እንደ ገና ያጠኑት ሊቃውንት በ2007 ዓ.ም. የገደለው የጨጓራ ነቀርሳ መሆኑን አጽንተዋል።

ይሁን እንጂ አባቱ የፈራለት በሽታ ልጁን አላገኘውም። ልጁ በ1832 ዓ.ም. በቪዬና ከተማ በ21 ዓመቱ ሲሞት የገደለው የሳንባ በሽታ ነው። ከዚህ ታሪክ የምንማረው ነገር አለ። ስለ ወደ ፊት የሚነገር ምልክት ሁሉ እንደሚጠበቀው አይፈጸምም፤ ስለ ራሱ መጠንቀቅ የሚገባው ሰውም አንዳንድ ጊዜ አደጋው የሚመጣበት ባልጠበቀው በኩል ነው።

ሥሩ የቀረ ሰርዶ

በጥር 29 ቀን 1881 ዓ.ም. በቪዬና ከተማ ቴዎዶር ቢልሮት የተባለው ታላቅ የቀዶ ጥገና ሐኪም የ43 ዓመት ሴት በነቀርሳ የተያዘውን የጨጓራዋን ጫፍ ቈርጦ በማውጣት የቀረውን ጨጓራ ከአንጀቷ ጋራ ሰፋው። ሴትዮዋም ከቀዶ ጥገናው ድና ምግብ መብላት ቻለች። ከዚያ በፊት ይህን ሥራ የሞከሩት ሐኪሞች ስላልተሳካላቸው ወሬው በመላው ኤውሮጳ ተሰማ። ነገር ግን ከአራት ወር ያህል በኋላ ሴትዮዋ ሞተች፤ ነቀርሳው በሆዷ ውስጥ ተዛምቶ ነበርና። በዐይን የታየው ዕጢ ወጥቶ ሳለ በዐይን ያልታየው ቀርቶ ነበር።

ሰርዶ የወረረውን ማሳ በማጭድ ቢያጭዱት ለጥቂት ቀን የጠራ ይመስላል፤ ዝናብ ሲዘንብ ግን ከመሬት በታች የቀረው ሥር እንደ ገና ያቈጠቍጣል። የነቀርሳ ሐኪሞችም ለብዙ ዘመን ያዩት ነገር ይኸው ነበር። በመድኃኒትና በጨረር ዕጢው ይቀንሳል፣ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ የጠፋ ይመስላል፤ ከጥቂት ወር ወይም ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ይመለሳል። ስለዚህ «ከነቀርሳው ሕዋሶች ውስጥ እንደ ሰርዶ ሥር የሆኑ፣ ሌሎቹን የሚወልዱ ይኖሩ ይሆን?» የሚል ጥያቄ ተነሣ።

የዚህን ጥያቄ መልስ በሙከራ ማስረዳት የጀመሩት በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ጆን ዲክና ባልንጀሮቹ ናቸው። በ1994 ዓ.ም. ከደም ነቀርሳ በሽተኞች የተወሰዱትን ሕዋሶች በየዓይነታቸው ለይተው መከላከያ ኃይል ለሌላቸው አይጦች ሰጡ። ከብዙዎቹ ሕዋሶች መካከል በሽታውን በአይጦቹ ላይ እንደ ገና ለማስነሣት የቻሉት እጅግ ጥቂቶች ብቻ ሆነው ተገኙ፤ እነዚህም በገጻቸው ላይ ባለ ምልክት ከሌሎቹ ይለዩ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ በጡት ነቀርሳ ላይ በተደረገው ምርመራ፣ ምልክት ያላቸው 100 ሕዋሶች ብቻ በአይጥ ላይ አዲስ ዕጢ ሲያበቅሉ፣ ምልክቱ የሌላቸው በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሕዋሶች ግን ምንም ሳያበቅሉ ቀሩ። እነዚህን የበሽታው ሥር የሆኑትን ሕዋሶች ሊቃውንት የነቀርሳ ግንደ ሕዋስ ይሏቸዋል።

በጨጓራ ነቀርሳ የተገኙት ምልክቶች

ምልክት ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ እንግለጥ። ባለ ከብት ከብቱን በሌላ መንጋ መካከል የሚያውቀው በገላው ላይ በተተኰሰው ምልክት ነው። ሕዋሶችም በገጻቸው ላይ ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች አሏቸው፤ ሊቃውንትም ለብዙዎቹ «ሲዲ» የሚል ስም ሰጥተው በተራ ቍጥር ለይተዋቸዋል። ሐኪሙ ከጨጓራ የተወሰደውን ቍራሽ ሥጋ እንዲጠነክር ያደርግና እጅግ በሳሳ ሁኔታ ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያም ያን ፕሮቲን ብቻ መርጦ የሚይዝ ፀረ አካል ያፈስበታል። ምልክቱ ካለ ሕዋሱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቡናማ ቀለም ይዞ ይገኛል፤ ከሌለ ያን ቀለም ሳይዝ ይቀራል።

በጨጓራ ነቀርሳ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ምልክት ሲዲ 44 ነው። በ2009 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት ሲዲ 44 ያለባቸውን የጨጓራ ነቀርሳ ሕዋሶች ከሌለባቸው ለይተው ፈተኗቸው። ምልክቱ ያለባቸው በአይጥ ላይ ዕጢ አበቀሉ፤ መድኃኒትና ጨረርም ከሌሎቹ ይልቅ ተቋቋሙ። ምልክቱን የሚሠራው ኃይል በተዳከመ ጊዜ ግን ዕጢ የማብቀል ችሎታቸው ቀነሰ። በዚያው ምርመራ ሲዲ 24ና ሲዲ 133 የሚባሉት ምልክቶች ተመሳሳይ ነገር አላሳዩም።

ሲዲ 44 ሕዋሱን እንዴት እንደሚጠቅመው ደግሞ በጃፓን በቶክዮ በኬዮ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሊቃውንት በ2011 ዓ.ም. ገልጠዋል። የዚህ ፕሮቲን አንዱ ዓይነት በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለውን የሲስቲን መግቢያ በር ጠብቆ ያቆማል። ሕዋሱ ሲስቲንን አስገብቶ ግሉታታዮን የሚባለውን ነገር ይሠራበታል፤ ግሉታታዮንም እንደ ጋሻ ሆኖ መድኃኒቱና ጨረሩ ከሚያመጡት ጉዳት ይከላከልለታል። ስለዚህ ምልክቱ እንደ ከብት ማኅተም መታወቂያ ብቻ ሳይሆን ለሕዋሱ የጦር መሣሪያም ነው። ለመገጣጠሚያና ለአንጀት በሽታ ከቀድሞ ጀምሮ የሚሰጠው ሰልፋሳላዚን የሚባለው መድኃኒት ያንን በር ስለሚዘጋ በዚያው በጃፓን በጥቂት በሽተኞች ላይ ተሞከረ። በአንዳንዶቹ ምልክቱ ያለባቸው ሕዋሶች ቢቀንሱም ነገሩ እስካሁን በሽታውን ለሚፈውስ ሕክምና አልበቃም።

ከሲዲ 44 ሌላ ሲዲ 133፣ እንዲሁም ኤልጂአር 5ና ኤኤልዲኤች 1 የሚባሉት ይመረመራሉ። ኤልጂአር 5 የሚባለውን በሆላንድ አገር ያሉ ሊቃውንት በ2010 ዓ.ም. በጤነኛ ጨጓራ ታችኛ ጫፍ ባሉት ዕጢዎች ሥር አግኝተውታል። የጨጓራ ውስጠኛ ገጽ በየጥቂት ቀኑ የሚታደስ ስለ ሆነ በጤነኛውም ሰው ውስጥ አዳሽ ግንደ ሕዋሶች መኖራቸው የግድ ነው። ከዚህም ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ ነቀርሳው መልካም ሥራ የነበረውን ግንደ ሕዋስ መንገድ ሰርቆ ይጠቀምበታል። ሁለተኛ፣ ምልክቱ በጤነኛ ሕዋስም ላይ ሊገኝ ስለሚችል ምልክት መገኘቱ ብቻውን የነቀርሳ ማስረጃ አይሆንም።

ምልክቱ ስለ ወደ ፊት ምን ይናገራል?

አሁን ከመጀመሪያው ጥያቄያችን ደረስን። በብዙ አገር ያሉ ሐኪሞች በቀዶ ጥገና የወጣውን ጨጓራ መርምረው በሽተኞቻቸውን ለዓመታት ተከታትለዋል። የምርመራዎቹ ድምር እንደሚያሳየው፣ ሲዲ 44 ወይም ሲዲ 133 በዕጢው ላይ በብዛት የተገኘባቸው ሰዎች በጠቅላላው ሲታዩ ካልተገኘባቸው ይልቅ የመኖር ዕድላቸው ያነሰ ነው፤ ነቀርሳውም ወደ ንፍፊቶች ተዛምቶ የሚገኘው በእነርሱ ላይ ይበልጣል።

ነገር ግን ይህን ቃል እንደ ፍርድ ቤት ብያኔ አድርጎ መቀበል ስሕተት ነው፤ ምክንያቶቹም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የተባለው ስለ ብዙ ሰዎች በአንድነት እንጂ ስለ አንድ ሰው አይደለም። ከመቶ ሰዎች ብዙዎቹ ይህ ደረሰባቸው ማለት በዚህ ሰው ላይ ይደርሳል ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ መርማሪዎቹ በአንድ መስፈሪያ አይሰፍሩም። አንዱ ከመቶ አምስት ሕዋስ ቀለም ከያዘ «ምልክቱ አለ» ሲል፣ ሌላው እጅግ ብዙ ሕዋስ ካልያዘ «የለም» ይላል። ሲዲ 44 ራሱም ብዙ ዓይነት አለው፤ ሁሉም አንድ ነገር አይናገርም። ስለዚህ ምልክቱ የከፋ ፍጻሜ የማያመለክት መሆኑን ያስታወቁም መርማሪዎች አሉ።

ሦስተኛ፣ ምልክቱ ቋሚ አይደለም። በ2017 ዓ.ም. በአሜሪካ በአንጀት ነቀርሳ ላይ በአይጦች በተደረገው ምርመራ፣ ኤልጂአር 5 ያለባቸው ሕዋሶች ሁሉ እንዲጠፉ ሲደረግ ዕጢው ማደጉን ቢያቆምም አልጠፋም፤ ማጥፋቱ በተቋረጠ ጊዜም ምልክት ካልነበራቸው ሕዋሶች ምልክት ያላቸው እንደ ገና ተወለዱ። የሰርዶ ቅጠል ተመልሶ ሥር አይሆንም፤ የነቀርሳ ሕዋስ ግን ይህን ማድረግ ይችላል። በዚህ ላይ ምሳሌያችን ይጐድላል፤ የሊቃውንቱም ችግር እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለ በሽታው ፍጻሜ ዛሬም እጅግ የታመነውን ነገር የሚናገረው ሌላ ነው፤ ይኸውም ነቀርሳው በጨጓራው ግድግዳ ውስጥ ምን ያህል እንደ ጠለቀ፣ ስንት ንፍፊት እንደ ያዘና ወደ ጉበት ወይም ወደ ሌላ አካል መሻገሩ ነው። በጃፓን ነቀርሳው ከላይኛው የግድግዳ ክፍል ሳያልፍ ከተያዙት ሰዎች ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ። ወደ ሩቅ አካል ከተሻገረ በኋላ የተያዙት ግን በአሜሪካ ቈጠራ ከመቶው አሥር እንኳ አይሞሉም። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ማናቸውም የግንደ ሕዋስ ምልክት ከሚያሳየው ልዩነት እጅግ ይበልጣል። ይህንም ልዩነት የሚያመጣው ከሁሉ ይልቅ በጊዜ ወደ ሐኪም መድረስ ነው።

ሕክምናን የሚመሩ ሌሎች ምልክቶች

ምልክት ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን ግን አይደለም። የበሽታውን ፍጻሜ የሚተነብይ ምልክት ሌላ ነው፤ ለየትኛው መድኃኒት እንደሚታዘዝ የሚናገር ምልክት ሌላ ነው። ሁለተኛው ለበሽተኛው ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ለምሳሌ ኸር 2 የሚባለው ምልክት በጨጓራ ነቀርሳ ከተያዙት ከአምስት ሰዎች በአንዱ ያህል ላይ ይገኛል። በ2010 ዓ.ም. በታተመው ታላቅ ምርመራ፣ በሽታው የጸናባቸው ይህ ምልክት ያለባቸው ሰዎች ትራስቱዙማብ የሚባለው መድኃኒት ከኬሞቴራፒ ጋራ ሲጨመርላቸው የዕድሜያቸው መካከለኛ ልክ ከ11.1 ወር ወደ 13.8 ወር ከፍ አለ። ክላውዲን 18.2 ለሚባለው ምልክት ደግሞ ዞልቤቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት በ2024 ዓ.ም. በመጀመሪያ በጃፓን ተፈቅዷል። ወራቱ ጥቂት ይመስላሉ፤ ነገር ግን ልጁን ለመዳር ወይም ርስቱንና አደራውን ለማደላደል ጊዜ ለሚፈልግ ሰው ጥቂት አይደሉም።

ሌላም መለየት የሚገባው ነገር አለ። ከላይ የተናገርነው የግንደ ሕዋስ ምልክት በበሽተኛው ዕጢ ውስጥ የሚገኝ እንጂ በዘር ወደ ልጅ የሚወርድ አይደለም። ስለዚህ በአባት ዕጢ ላይ ሲዲ 44 በመገኘቱ ልጅ የሚፈራበት ምክንያት የለም። በዘር የሚወርደው ከዚህ የተለየ ነው። በ1998 ዓ.ም. በኒው ዚላንድ ብዙ ዘመዶቹን በጨጓራ ነቀርሳ ባጣ በአንድ የማኦሪ ወገን ላይ በተደረገ ምርመራ፣ ሲዲኤች 1 በሚባለው የዘር ቅንጣት ላይ ጉድለት ተገኘ። በዚህ ጉድለት የተወለዱ ሰዎች ገና ሳይታመሙ በሐኪም ምክር ጨጓራቸውን በቀዶ ጥገና አስወጥተው ከሞት ያመለጡ አሉ። እንግዲህ በአንድ ወገን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች በዚህ በሽታ የተያዙ እንደ ሆነ፣ በተለይም በወጣትነታቸው ከሆነ፣ ይህን ለሐኪም መንገር ይገባል።

የቤተ ሰብ ድርሻ

የቀረን ነገር በቤት ውስጥ ምን መደረግ እንደሚገባው መናገር ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ በሽታ እንደ ተነገረ ያህል ይስማማዋል።

ሄሊኮባክተር ፒሎሪ አብዛኛውን ጊዜ በሕፃንነት፣ በቤት ውስጥ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው። በኢትዮጵያም በየጊዜው የተደረጉት ምርመራዎች በአንድነት ሲታዩ ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ተሐዋሲው ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ ንጹሕ ውሃ መጠጣትና ሕፃንን ከታላቅ ሰው አፍ በወጣ ምግብ አለማጉረስ ቀላል ግን የሚጠቅም ጥንቃቄ ነው። ሐኪም መርምሮ ተሐዋሲውን ያገኘበትና መድኃኒት ያዘዘለት ሰው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይጨርስ፤ ሕመሙ ስለ ቀለለለት ብቻ በመካከል ቢተው ተሐዋሲው መድኃኒቱን ይለምዳል። እጅግ ጨው የበዛበትንና በጨው ታሽቶ የቈየውን ምግብ መቀነስ፣ ትንባሆን መተው፣ አትክልትና ፍራፍሬ ማዘውተርም ይረዳል።

ብዙ ሰው የሆድ ቃጠሎውን ሁሉ «ጨጓራዬ ነው» ብሎ በማስታገሻ ሲያልፈው ይታያል። በእርግጥ አብዛኛው የጨጓራ ሕመም ነቀርሳ አይደለም። ነገር ግን ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ሰው አዲስ የሆድ ሕመም ከያዘውና ካልለቀቀው፣ ወይም ማንም ሰው ያለ ምክንያት ከከሳ፣ ጥቂት በልቶ ወዲያው ከጠገበ፣ ምግብ ሲውጥ ከተናነቀው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ዐይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ከጠቈረ ወይም ደሙ ካነሰ፣ ቀን ሳይቈጥር በኢንዶስኮፒ ይመርመር። ይህም በጫፉ መብራትና ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ወደ ጨጓራ የሚገባበት ምርመራ ነው። የሚያስጨንቀው ለጥቂት ደቂቃ ሲሆን የሚጠቅመው ለዕድሜ ነው።

በሽታው ተገኝቶ እንደ ሆነ ደግሞ ዘመድ ለሐኪሙ የሚያቀርበው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ ነቀርሳው ምን ያህል ጠልቋል? ወደ ንፍፊት ወይም ወደ ሌላ አካል ተሻግሯልን? በቀዶ ጥገና ሊወጣ ይችላልን? መድኃኒት የሚመራበት ምልክት፣ ለምሳሌ ኸር 2፣ ተመርምሯልን? የቤተ ሰቡስ ተሐዋሲውን መመርመር ያስፈልገዋልን? እነዚህን የጠየቀ ሰው «ስንት ጊዜ ይኖራል?» ብቻ ብሎ ከጠየቀው ይልቅ ብዙ ያተርፋል።

በመጨረሻም አንድ አስቸጋሪ ነገር እናንሣ። በአገራችን ልማድ የከባድ በሽታ ወሬ ለበሽተኛው ሳይሆን ለዘመድ ይነገራል፤ ዘመድም በሽተኛው ልቡ እንዳይሰበር ብሎ ይሸሽገዋል። ይህ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን ማንም አይክደውም። ነገር ግን በሽተኛው በገዛ ገላው ላይ የሚደረገውን የማወቅ መብት አለው፤ የዘመዶቹንም ፊት አይቶ ነገሩን መጠርጠሩ አይቀርም። እውነቱን ሳያውቅ ስለ ቀዶ ጥገናውም ሆነ ስለ መድኃኒቱ መምከር አይችልም፤ ለቤቱና ለልጆቹ የሚያስበውንም ሳይናገር ይቀራል። ስለዚህ ዘመድ አስቀድሞ «ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ ለማወቅ ትወዳለህን?» ብሎ ይጠይቀው፤ እወዳለሁ ካለም ሐኪሙ በዝግታና በርኅራኄ፣ የሚያምነው ዘመዱ በአጠገቡ ተቀምጦ ሳለ ይንገረው። ምልክት ተገኘ ከተባለም ምልክቱ ስለ ብዙዎች የሚናገር እንጂ የእርሱን ቀን ቈጥሮ የሚያስረክብ አለመሆኑን ያስረዳው።

የነቀርሳን ሥር ለይቶ ማወቅ ታላቅ ጥበብ ነው፤ ሊቃውንትም ሥሩን ነቅለው የሚጥሉበትን መድኃኒት መፈለጋቸውን አላቋረጡም። እስከዚያው ድረስ ለቤተ ሰብ የሚገባው በሽታውን ሳይሸሽጉና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መቅረብ፣ የታመመውንም ሰው ከነቃሉና ከነክብሩ አብሮ መምከር ነው።